አንድ ሜትር ከሃያ

በልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ በሚገኘው የአቶ ሀብቶም ግቢ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የቧንቧ ውኃ መምጣቱን ለሚመለከተው ሁሉ በአክብሮት እንገልጻለን።

የመጣው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እኛ ተከራዮቹ ጄሪካን ይዘን ተሰለፍን፤ ውኃው ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ መዋኛ ገንዳው ነው። አቶ ሀብቶም ገንዳውን ያሠሩት የገስት ሃውሳቸው እንግዶች እንዲዋኙበት ብለው ነበር። እንግዶቹ ለቀጠሮ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ባለጉዳዮች ስለሆኑ ፋይላቸውን አቅፈው ጠርዙ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ እስካሁን አንድም የዋኘ የለም። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት መመሪያ ወጣ። በመኖሪያ ግቢው ገንዳ ያለው ሰው ጥልቀቱን በግልጽ ይጽፋል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ካለፈ ዙሪያውን ያጥራል፤ ጥልቀቱ ምንም ይሁን ምን ዋና የሚችል ተቆጣጣሪም ያቆማል። አጥር ደግሞ የሙሽራ ፎቶ ያበላሻል። አቶ ሀብቶም ቀለም ገዝተው በአራቱም ማዕዘን «1.20 ሜትር» አስጻፉ። ገንዳውን በየሳምንቱ በረጅም እንጨት የሚያጸዱት ዘበኛው ጋሽ ጃርሶ ቁጥሩን ትንሽ አዩትና፣

«እሺ፣ ቀንሷል» አሉ።

የዋናተኛውም ጉዳይ ብዙ አላስቸገረም። ዋናተኛ ቢቀጠር የሚያድረው በሩ ጥግ ባለችው የዘበኛ ክፍል ነው። እዚያ ጋሽ ጃርሶ ከልጃቸው ከለሊሴ ጋር ይኖራሉ። ለሊሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ለፈተናዋ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። አቶ ሀብቶም ምርጫ ሰጧቸው፤ ወይ ክፍሉን መልቀቅ፣ ወይ ዋና መቻል። ጋሽ ጃርሶ በዚያው ቀን ቻሉ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ስለምጽፍ ያልነበረውን ነገር ነበረ ማለት እጄ ለምዶታል። «ከልጅነታቸው ጀምሮ በዝዋይ ሐይቅ ሲዋኙ ያደጉ» አልኩ። አገራቸው ወደዚያ ነው፤ ብዙም አልራቅሁም።

ማክሰኞ ገንዳው እንደሞላ የቁጥጥር ባለሙያው ፊራኦል መጣ። ደረቱ ላይ ባጅ፣ ብብቱ ሥር ፋይል፣ እጁ ላይ ታብሌት። ስለ ውኃ አደጋ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዷል፤ አዳማ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ። ማኅተም የሌለው አልነበረም።

«ሁሉም ጥሩ ነው። አዲሱ ቅጽ ላይ ግን አንድ ነገር ተጨምሯል። ዋናተኛው ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ ከጥልቀት ጽሑፉ ጋር አብሮ የሚታይበት ፎቶ።»

«ዛሬ?» አሉ ጋሽ ጃርሶ።

«ዛሬ ካልተነሡ ዋናተኛ የለም ብዬ ነው የምሞላው፣ አባቴ።»

ጋሽ ጃርሶ አቶ ሀብቶምን አዩ። አቶ ሀብቶም የዘበኛውን ክፍል አዩ። ጋሽ ጃርሶ ካፖርታቸውን አውልቀው በጥንቃቄ አጠፉት።

«ኧረ ጉድ!» አለች አንሶላ አጣቢዋ ትርፌ ከልብስ ማስጫው ሥር። «ገላዎን ይታጠቡ ሲባሉ ቀጠሮ የሚሰጡ ሰውዬ!»

«ዳኛው ተቀየረብኝ፣ ትርፌ።»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በደረጃው በኩል ገቡ። ውኃው ጉልበታቸው ጋ ደረሰ፤ ወገባቸው ጋ ደረሰ፤ ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቆሙ።

«እዚህ ይበቃል?»

«ፀሐይ ያንጸባርቃል፤ ጽሑፉ አይነበብም። ወደዚያኛው ጥግ ይሂዱልኝ።»

ወደዚያኛው ጥግ ጥልቁ ነው። ትርፌ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። አቶ ሀብቶም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፊራኦል ብብት ሥር ያለው ፋይል ውስጥ የእኔ ጽሑፍ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። ጋሽ ጃርሶ ጠርዙን በሁለት እጃቸው ይዘው በጎን በጎናቸው ሄዱ። ቁጥሩ ሥር ሲደርሱ እግራቸው መሬት አልነካም፤ በክንዳቸው ተንጠልጥለው ነበር።

«ጠርዙን ይልቀቁት እንጂ፣ አባቴ። ዋናተኛ ግድግዳ ይዞ ቢታይ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«አቶ ሀብቶም፣ ልልቀቀው?»

«ለአንድ ፎቶ እኮ ነው፣ ጋሽ ጃርሶ። እስከ ሦስት ይቁጠሩና መልሰው ይያዙት።»

«ለሊሴ ፈተናዋን እዚሁ ሆና ትጨርሳለች፣ አይደል?»

«ትጨርሳለች።»

ለቀቁት። «አንድ» ሲሉ ሰማን።

ፊራኦል ፎቶውን አነሣ፤ ታብሌቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ።

«ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ይደገም» አለ።

ቀና ሲል የሚደገም ሰው አልነበረም። አንድ እጅ ብቅ አለ፤ ጠርዙን ፈለገ፤ በአንድ ክንድ ያህል ሳተውና ተመለሰ።

«ዋናተኛ ጥሩ!» ብሎ ጮኸ ፊራኦል።

«እሳቸው ናቸው እኮ!» አለች ትርፌ። «አንተ ሠልጥነህ የለ?»

«እኔ የሠለጠንኩት የቅጹን አሞላል ነው!»

የገንዳ ማጽጃውን ረጅም እንጨት ልፈልግ ሮጥኩ። የት እንደሚያስቀምጡት ከጋሽ ጃርሶ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባዶ እጄን ስመለስ ሦስቱም የቆሙት እዚያው ነው፤ ከጠርዙ ግን እንደ መራቅ ብለዋል። ወደ ውኃው ጎንበስ ያለ አልነበረም።

ጩኸቱን ሰምታ ለሊሴ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ከክፍሉ ወጣች። የታጠፈውን ካፖርት አየች፤ ውኃውን አየች።

«አባዬ! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? አንድ ከሃያ ነው እኮ፤ እኔ እንኳ እቆምበታለሁ!»

ነጠላ ጫማዋን ጥላ ወደ ጠርዙ ስትሮጥ አቶ ሀብቶም ከኋላ ወገቧን ያዟት። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«አትግቢ!» ብለው ጮኹ። «ሁለት ሜትር ተኩል ነው!»

ፊራኦል አቶ ሀብቶምን አየ። ለሊሴ መታገሏን አቆመች። ገንዳው ውስጥ አረፋ ይወጣ የነበረበት ቦታ ረግቷል። በአቶ ሀብቶም ክንድ ውስጥ እንዳለች ዞራ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ትርፌን፣ ቀጥሎ እኔን አየችን፤ በየተራችን መሬት መሬቱን አየን።