እንቁላል ሌባው

የሙዚየማችን ኃላፊ ወረቀት ይዛ ከሥዕሌ ፊት ስትቆም ነገር እንዳለ ገባኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ግድግዳው ላይ የሣልኩት ዳይኖሰር ነው፤ የሌላ እንስሳ እንቁላል በአፉ ይዞ ይሮጣል። ከሥሩ በትልቁ «እንቁላል ሌባው» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ እንስሳ ሌባ አይደለም» አለችኝ። «እንቁላሉ የራሱ ነው አሉ ተመራማሪዎቹ። የሞተውም ታቅፎ እያለ ነው። እንደገና ይሣሉት፤ ላባም ያልብሱት።»

መሰላል ላይ ወጥቼ መፋቅ ጀመርኩ። ዓይኑ ጋ ስደርስ መፋቂያውን አወረድኩ። አጥንት ስለ ዓይን አይናገርም፤ ጎደሎውን የምንሞላው እኛ ነን። እኔ የሞላሁት በታናሽ ወንድሜ ዓይን ነው።

ያን ጊዜ እናታችን አንደበቷ ተይዞ ተኝታ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ወንድሜ ሣጥኗን ከፍቶ የወርቅ ጉትቻዋን ይዟል። ክው ብሎ አየኝ። «ሌባ» አልኩት፣ ጎረቤት እስኪሰማ። እማዬ እጇን ታወራጫለች፤ በእሱ የተናደደች መሰለኝ። ሰፈሩ ስሙን ተቀበለኝ። ሱቅ ቢገባ ሌባው፣ ሥራ ቢጠይቅ ሌባው። በመጨረሻ ሰፈሩን ጥሎ ሄደ።

እማዬን ከቀበርን በኋላ፣ ያን ቀን ቤት የነበረችው አክስቴ እውነቱን ነገረችኝ። ጉትቻውን አድርግልኝ ብላ በእጇ የለመነችው ራሷ እማዬ ናት። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» ብላት፣ «አንተ መቼ ታናግራለህ?» አለችኝ።

አሁን ከመሰላሉ ወርጄ ለወንድሜ ደወልኩ። ስንት ዓመት ያላነሣልኝን ስልክ አነሣው።

«ያንን ሥዕል እያስተካከልኩት ነው። ዓይኑ ያንተ እንደሆነ ታውቃለህ። ና እየው።»

«ስሙስ?» አለኝ።

«እሱንም እፍቀዋለሁ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

ኃላፊዋ ግን «ስሙማ አይነካም፣ ጋሼ» አለችኝ። «ሳይንቲስቶች ያወጡለት ስም ትርጉም ነው፤ የሳይንስ ደንብ አለው። ስሕተት ቢሆንም መጀመሪያ የወጣ ስም አይሻርም።» ለመንኳት፣ ተቆጣሁ። ምንም አልፈየደም።

ወንድሜ ሸብቶ መጣ። ክንፉን ዘርግቶ እንቁላሎቹን የታቀፈውን እንስሳ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ አጎንብሶ ከሥሩ ያለውን አነበበ። «ደንቡ ነው፣ እኔማ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለ፣ ሳይቆጣ።

ኮቱን ቆለፈና «ደህና ይዋሉ፣ ጌታዬ» ብሎኝ ወጣ። ድሮ «ወንድም ጋሼ» ነበር የሚለኝ።