የዝንብ ዶክተር

«እስቲ ልጄ፣ ይኸን ዓይኔን እዪልኝ!»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ የዓይናቸውን ቆብ በጣታቸው ገልብጠው ለጽናት አስጠጉላት። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን ይወጋዋል፤ ዳር ዳሩን ጭጋግ ጀምሮታል። ከአዲስ አበባ ገና የገባችው ጽናት ደነገጠች።

«ጤና ጣቢያ አልሄዱም እንዴ፣ እማማ?»

«ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ ሐኪሞች መሐል ሜዳ ከተማ መጥተዋል ተብሎ ነበር። የወዳጆ ልጅ የዓይን ዶክተር ሆና እየመጣች ለማላውቀው ሰው ዓይኔን አልሰጥም ብዬ ቀረሁ። ነገ ወደ መጡበት ይመለሳሉ አሉ፤ ይመለሱ!»

ጽናት ወደ አባቷ ዞረች። አቶ ወዳጆ ጣራውን ያዩ ጀመር። ደግ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ሲያወድሱ ግን ልጓም የላቸውም። በማኅበሩም በገበያውም ያወሩት ዞሮ ዞሮ ቤታቸው መጣ።

አባቷን ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው።

«አባባ፣ ምን ብለው ነው ያወሩት? እኔ እኮ የማጠናው የዝንብ አንጎል ነው!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! የዓይን ነገር ነው አላልሽኝም?»

«የዝንብ ዓይን!»

«ታዲያ ምን ልበል? ‹ይኸን ሁሉ ዘመን ያስተማርካት ዝንብ ልታይ ነው ወይ?› ይሉኛላ! የዝንብ ምኑ ይጠናል ደግሞ?»

ተናዳ ነበር፤ የአባቷን ፊት ስታይ ግን አንጀቷ ራራ።

«ሊመታት የመጣ እጅ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በምን ታውቃለች? እሱን ነው የማጠናው። እርስዎ ተኝተው ሳሉ ሌባ ከወንዙ ሽቅብ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?»

«በውሻ ነዋ! መጀመሪያ የታችኛው ቤት ውሻ ይጮኻል፣ ወዲያው የእኛው ይቀበለዋል።»

«መጀመሪያ የእኛው ቢጮኽስ?»

«እየወረደ ነው። ምን አስነሳኝ!»

«አዩ፣ ውሾቹ ሽቅብ ቁልቁል አያውቁም፤ የሚያውቁት በየደጃቸው ያለፈውን ብቻ ነው። የዝንብ ዓይንም የብዙ ትንንሽ ዓይኖች ጥርቅም ነው፤ እያንዳንዱ ፊቱ ያለው ብርሃን ሲለወጥ ይጮኻል። አንጎሏ ውስጥ ግን እንደ እርስዎ የሚያዳምጥ አለ። የፊተኛውን ጩኸት ትንሽ ያቆየዋል፤ የጎረቤቱ ሲደርስ ሁለቱ ይገጥሙለትና ‹በዚህ በኩል መጣ!› ይላል። በተቃራኒው ከሆነ አይገጥሙለትም፤ ዝም ይላል።»

«በዚያች ጭንቅላት ውስጥ?»

«በዚያች።»

«ወይ የአምላክ ሥራ! ይኸን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን አዋሸኝ!» አቶ ወዳጆ ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት። «የሴትዮዋ ዓይን ግን በእኔ ምላስ ሊጠፋ ነው።»

«እኔ ልንገራቸው።»

«የለም፤ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

ገቡ። «ጥሩሸዋ፣ ዋሽቼሻለሁ። ልጄ የምታጠናው የዝንብ ዓይን ነው። የሰው ዓይን ሐኪሞቹ መሐል ሜዳ ናቸው።»

ከሚያነባው የወይዘሮ ጥሩሸዋ ዓይን ዳር ዝንብ አረፈች፤ በመዳፋቸው ሊመቷት ሲሉ አመለጠች።

«ይቺን?» አሉ።

«እሷን» አለች ጽናት።

«እሰይ! ይኸን ሁሉ ዘመን ስትጫወትብኝ፣ ተንኮሏን የሚያውቅባት ተገኘ!» ሳቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምላጩን ግን እፈራለሁ፣ ልጄ።»

«እጅዎን ይዤ አጠገብዎ እሆናለሁ።»

ጽናት እፎይ አለች። አቶ ወዳጆ ግን አልተቀመጡም፤ የበቅሎውን ኮርቻ ከግድግዳው አወረዱ።

«ለነገ ምን ያሳድረናል? ተነሺ ጥሩሸዋ፣ አሁኑኑ እንሂድ» አሉ። «በመንገድ ‹ይቺ ልጅ ማን ናት?› ያለንን ሁሉ ደግሞ ለእኔ ተዉት፤ የዝንብ ዶክተር ናት እላለሁ።»