የኮቱ ስውር ኪስ

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ሙሉ አንድም ሲጋራ ከንፈሯን ነክቶት አያውቅም። ስለዚህ የሕክምና መድን ክፍሉ ጸሐፊ ፋይሏን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ «እርስዎ አጫሽ ነዎት፤ የደረት ሕመም ወጪዎን አንሸፍንም» ሲላት መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ሳል አስከተለባትና፣ መስኮቱን ተደግፋ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ድረስ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቃት።

«ፋይል ተሳስቶብህ ነው፤ እስኪ ደህና አድርገህ እየው» አለችው።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ቅጹን አዙሮ አሳያት። ባሏ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ለመድን ያስመዘገበ ጊዜ የተሞላ ነው፤ ሰባት ዓመት ሆኖታል። «ከቤተሰቡ የሚያጨስ አለ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር «አለች፣ ሚስቴ» ይላል። ከግርጌው የባሏ ፊርማ አለ። መጨረሻዋ ላይ እንደ ተፈታ ክር የምትጎተት ፊርማ ናት፤ የትም ብታያት አትስታትም። ክው ብላ ቀረች።

«ደንቡ ምን ይላል መሰለዎት» አለ ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያጨሰ ሰው የደረት ሕመሙን በራሱ ገንዘብ ይታከማል። ሰው ለገዛ ጤናው ኃላፊነት አለበት ተብሎ ነው። ቅጹ ስሕተት ከሆነ ግን የሞላው ሰው ራሱ ቀርቦ ያስተካክል። ያኔ እርስዎ ሙሉ በሙሉ ይታከማሉ፤ አጫሹ እሱ ከሆነ የደረት ሽፋን የሚቀርበት እሱ ነው። እንዲህ ያለውን የሚያየው ኮሚቴ ረቡዕ ጠዋት ይሰበሰባል።»

ሐኪሙ ሳንባዋ ላይ ያለው እባጭ ከአንድ ወር በላይ መቆየት እንደሌለበት ነግሯታል። የስፌት መኪናዋን ብትሸጥ ለማደንዘዣው እንኳ አይበቃም።

ባሏ የማተሚያ ቤቱ የወረቀት መጋዘን ኃላፊ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የተቆጣን ሰው ሳይቀር ያስቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቤታቸው መስኮት ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ ሁለት እርምጃ ርቆ አጭሷል። መንግሥት በትምባሆ ላይ ግብር በጨመረ ቁጥር ማጨሱን በመቀነስ ፈንታ ፉከራውን ይጨምር ነበር። «የዚያ ሆስፒታል ግማሹ ግድግዳ የኔ ነው! በጭሴ ነው የገነባሁት። የታመምኩ ቀን ቀይ ምንጣፍ ያነጥፉልኛል» ይላል። እሷም ትስቅለት ነበር፤ ሞኝ!

መጋዘኑ የወረቀት ስለሆነ እሳት ተፈርቶ ሠራተኛ ሲገባ ይፈተሻል፤ ዘበኛው የሲጋራ ፓኮ ካገኘ ይወርሳል። ዋጋው ሰማይ ከነካ ወዲህ አንዲት ፓኮ በተወረሰችበት ቁጥር ባሏ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ተክዞ ይመጣ ጀመር። አሳዘናት። በኮቱ ገበር ውስጥ፣ ከግራ ብብቱ ሥር፣ የዘበኛ እጅ የማያገኛት ኪስ ሰፋችለት። ኪሷ ስትላላ ታጠብቃለች፣ ስትቀደድ ትለውጣለች። «ኮትህን አውልቅ» ስትለው ቃል ሳይተነፍስ ያወልቃል። በዚያ ቤት ያለ ክርክር የሚፈጸም ትእዛዝ ያ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ከሥራ ሲገባ ነገሩን ነገረችው።

«ኧረ ያ!» አለ፣ የድሮ ቀልድ እንዳስታወሱት ሁሉ። «የመድኑ ሰውዬ ቤት ሊያይ መጥቶ መስኮቱ ላይ አመድ አገኘ። የማን ነው ሲለኝ ምን ልበል? የኔ ነው ብል ደረቴን ማን ያክምልኛል? አንቺ እንደሆነ ብረት ነሽ፤ ጉንፋን እንኳ አይዝሽም ነበር።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የተናገረው። መታመሟን የሰማች ቀን እንኳ እንደዚህ አልቀዘቀዘችም። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሳሉ እየቆራረጠባት አለቀሰች። ይሄኔ ደነገጠ።

«በቃ፣ በቃ የኔ እመቤት! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ረቡዕ እኔው ራሴ ቀርቤ እናገራለሁ» አለ።

አመነችው። ረቡዕ ጠዋት ኮቱን በገዛ እጇ ተኮሰችለት።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ የምታነብ ሐኪም ናት፤ በግራና በቀኟ ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊው ጥግ ይዞ ይጽፋል። ባልየው ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነቱን ለመናገር ነው የመጣሁት» አለ። «ታጨስ ነበር፤ አልዋሽም። አሁን ግን ትታለች። መክሬ፣ ለምኜ፣ ያስተውኳት እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ!» አለ በስተቀኝ ያለው ሰውዬ። «የተወ ሰው ግማሹ ይሸፈንለታል። እንዳንተ ያለውን ባል ያብዛልን!»

ባልየው ተቀመጠና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «አጣርቼ ነው፤ ግማሹን አስገኘሁልሽ። ዝም በይ» አላት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ መውደቁ እንዴት እንደሚያም ግን ማንም አልነገራትም። እሱ ደረቱን አትርፏል። የሷ ደረት በግማሽ ዋጋ ተሽጧል፤ በላዩ ላይ ምስጋናውን እሱ ወስዷል።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ያሉት እውነት ነው?» አለች ሰብሳቢዋ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «ኮትህን አውልቅ» አለችው።

ልማድ ሆኖበት አወለቀ። ሰጥቷት ሲያበቃ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። እጇን በገበሩ ከትታ ፓኮዋን ከነክብሪቷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ኪሱን የሰፋችው እሷ ናት!» አለ ባልየው ብድግ ብሎ። «ስፌቱን እዩት፤ የሷ እጅ ነው!»

«እርስዎ ነዎት የሰፉት?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ለሱ።»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውርዳ አሰበች። «ኮቱ የሳቸው፣ ስፌቱ የእርስዎ። የሚያጨሰው ከሁለታችሁ ማን እንደሆነ ከዚህ አይታወቅም። እኔ ፊት ያለው የሳቸው ቃልና ፊርማ ነው። እስኪ ውጭ ጠብቁን፤ እንመካከርበት።»

መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ባልየው ኮቱን መልሶ አጥልቆ ጉልበቱን ያርገበግባል፣ ጣቶቹን ያፍተለትላል። እሷ ግድግዳውን እያየች ተናገረች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ጭስህን ስተነፍስ አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶኝ ያውቃል? አንዲት ቃል ነበር የለመንኩህ። እኔ አመድ አፋሽ!»

እሱ በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ በሩን አየ። ላብ በግንባሩ ላይ ወጥቷል። በመጨረሻ ተነሣና፣ «እገባለሁ» አለ።

ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሩ እስከ ታች ድረስ የገባላት መሰላት። ለካ ሰው ነው፣ ለካ ይወዳታል! የተጣመመ የኮቱን ኮሌታ በሁለት እጇ አቃናችለት። እሱም አንኳኩቶ ገባ። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» ሲል ሰማችው፣ «ያቺን ፓኮ ረስቻት ነው።»

«የማን ናት?» አለች ሰብሳቢዋ።

«የኔ ናት።»

«እስኪ ይድገሙልኝ?»

«የኔ ናት አልኩ እኮ! ስንት እንደገባች ታውቃላችሁ? ከነግብሯ እንዴት ጥያት ልሂድ?»

ከዚያ የጸሐፊው ብዕር ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ተሰማት። ሕክምናዋ እንደተፈቀደ ገባት። ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ለሷ ሕይወት ተለምኖ አልወጣም ያለው ቃል ለአንዲት ፓኮ ማንም ሳይለምነው ወጣ። ኮሌታውን ያቃኑለት እጆቿ ጭኗ ላይ ወደቁ።

ባልየው ፓኮዋን ጨብጦ ወጣ። የሠራው ነገር ወለል ብሎ የታየው በሩ ላይ ሲደርስ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ያንን የለመደችውን ፈገግታውን ፈገግ አለ።

«አየሽ?» አላት። «ቃሌን ጠበቅኩልሽ አይደል? እኔው ራሴ ነገርኳቸው!»

አየችው። ለመቆጣት እንኳ ትንፋሽ አጠራት።

«ኮትህን ከዛሬ ወዲያ ሌላ ሰው ይስፋልህ» አለችው። ከዚያ የቀዶ ሕክምናዋን ቀን ለማስቆረጥ ብቻዋን ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።