ከወለል መነሣት

ምንጣፉ አደናቅፎ ወለሉ ላይ ዘረራት። ልብስ ሰፊዋ ለጊዜው ዓይኗን ብቻ ማንቀሳቀስ ቻለች፤ ከስፌት መኪናዋ ሥር የተበታተነ ክርና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ታያት። ቀጥሎ ጣቶቿን፣ ከዚያም አምና ተሰብሮ በብረት የተጠገነውን ዳሌዋን ነቅነቅ አደረገች። ብዙም አላመማት። ፍርሃቱ ግን ከሕመም የባሰ ነበር፤ ልቧ ወለሉን የሚደልቅ መሰላት።

ልጇ አሁን ትመጣለች። ባለፈው ስትወድቅ ያለቻት ከጆሮዋ አልወጣም፦ "እማዬ፣ ደግመሽ ብትወድቂ ይሄን ቤት ዘግተን እኔ ጋ ትገቢያለሽ። አለቀ!" ልጇ ክፉ ሆና አይደለም። ግን እሷ ቤት ብርጭቆ ሊያነሱላት ይሽቀዳደማሉ፤ "አንቺ ቁጭ በይ" እያሉ እግሯን እንደ አሮጌ መቀስ ሊያዝጉት ነው።

በሩ ተንኳኳ።

"እማዬ! ምነው ቀረቀርሽው?"

"መጣሁ ልጄ! ልብስ እየቀየርኩ ነው!"

ተስፈንጥራ ልትነሣ ስትል ክንዷ ከዳትና አገጯ ወለሉን መታው። እዚሁ ልቀር ነው፣ አለች በሆዷ። ዳሌዋ ተሰብሮ ሳለ እንደገና መራመድ ያስተማራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትዝ አላት፦ "እትዬ፣ መጀመሪያ ይተንፍሱ። የቸኮለ መልሶ ይወድቃል።"

ተነፈሰች። በጎኗ ዞረች፣ በክርኗ ተደገፈች፣ እንደ ሕፃን ዳኸች። ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ደህናውን እግሯን ተከለች። ወንበሩ ሸርተት ሲል ነፍሷ ልትወጣ ምንም አልቀራት፤ ደግነቱ ግድግዳው አገደው። ተነሣች።

በሩ ሲከፈት ልጇ ትክ ብላ አየቻት።

"አገጭሽ ምን ሆነ?"

በሩ ነው የመታኝ ልትል ቃጣት። ግን ነገ ወድቃ መነሣት ቢያቅታትስ? ማን ሊደርስላት?

"ወደቅሁ" አለች።

ልጅቱ ክው አለች። "በይ ልብስሽን እንሸክፍ።"

"ተነሥቼ እኮ ነው በር የከፈትኩልሽ!"

"ብትሞችብኝስ እማዬ?" ዓይኗ በእንባ ግጥም አለ።

ለካ እሷም እንደኔ ፈርታለች! እናት ወንበሩን ከግድግዳው አስጠጋችና ይዛው ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ወረደች፤ በጎኗም ተጋደመች።

"መነሣት ካቃተኝ ልብሴን ራሴ እሸክፋለሁ" አለች። "አጠገቤ ቁሚ። ግን እንዳትነኪኝ።"