ይርዳው ወርዷል?

ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሰሎሞን የጻፈው ፕሮግራም ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ሰሊጥ የጫነ መኪና ሚዛን ላይ ይዞ አልለቅም አለ። ሰሎሞን ራሱ ከሞተ ወር አልሞላውም። ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት "ይችን ልጨርስ" እያለ ወባ ጨረሰው።

ፕሮግራም መጻፍ የተማርነው አብረን ነው፤ ከስልክ ቪዲዮ፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ እየተጋፋን። ከእኔ ይሻል ነበር። ስለሞተ ብዬ ግን መስኮት ማብዛቱን አልሸፍንለትም። መስኮት የምለው ስክሪን ላይ ብቅ ብሎ የሚጠይቀውን ነው። ሰሎሞን አንዱን ይከፍታል፣ በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ። የላይኛውን ሳትመልስ የታችኛውን መንካት አትችልም፤ ከነካኸው ኮምፒውተሩ "ድንግ" ብሎ ይገስጽሃል።

"ለምን ታበዛዋለህ?" ስለው፣ "አንተ ሰው ቤት ስትገባ በአንድ 'እንዴት አደራችሁ' ትገላገላለህ? ልጆቹ ደህና መሆናቸው ሳይነገርህ ወደ ከብቶቹ ታልፋለህ?" ይለኝ ነበር።

ተጠርቼ ስደርስ የመጋዘኑ ባለቤት እትዬ ሐቢባ ኪቦርዱን በጣታቸው ይወጉታል። ከበሩ እስከ አስፋልቱ መኪና ተሰልፏል። ሚዛኑ ላይ ያለው የይርዳው መኪና ነው። ይርዳው ሰፊ ሰው ነው፤ ጋቢናው ለእሱ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። እዚያው ተቀምጦ ክላክስ ይነፋል።

"ሞተ፣ ኸላስ" አሉ እትዬ ሐቢባ። "ድንግ ከማለት በቀር ምንም የለው። ለጎንደሩ ልጅ ደውዬለታለሁ። ነገ መጥቶ ይህን አጥፍቶ አዲስ ይጭንልኛል።"

"እትዬ፣ የሞተ ፕሮግራም ድንግ አይልም።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"የሆነ ነገር ጠይቆዎት መልስ እየጠበቀ ነው።"

"ምን ብሎ ጠየቀኝ? የሚነበብ ነገር ይታይሃል?"

አይታየኝም። ስክሪኑን የሞላው የክብደቱ ቁጥር ብቻ ነው። ሹፌሮች ከሩቅ እንዲያዩት ብሎ ሰሎሞን ያን ቁጥር ከሁሉም በላይ እንዲቆም አድርጎታል። መስከረም መጨረሻ ላይ ከነትኩሳቱ መጥቶ ፕሮግራሙን አድሶላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተመዘነ መኪና ይህ የመጀመሪያው ነው። ምን እንደጨመረ ለእኔም አልነገረኝም።

ሰሎሞን ልጅ አልነበረውም፣ ቤት አልነበረውም። ያለው ፎቶ የመታወቂያው ነው፤ እሱም ላይ ሌባ ይመስላል። ከእጁ የቀረው ይህ ፕሮግራም ነው። ነገ ከጠፋ ሁለተኛ ልንቀብረው ነው።

"እስከ ምሳ ይታገሱኝ" አልኳቸው።

"የይርዳው ክላክስ እስኪሰበር ታግሼሃለሁ።"

"ጓደኛህ ከመቃብርም ሆኖ ያስቆመኛል እንዴ?" አለ ይርዳው አንገቱን አውጥቶ። "በቁሙም አይወደኝም ነበር።"

ኪቦርዱ ላይ አልት የሚለውን ይዤ ታብ የሚለውን ተጫንኩ። የተከፈቱት መስኮቶች በትንሽ በትንሹ ተደርድረው ታዩ። አንዱን አላውቀውም። ሰሎሞን አዲስ መስኮት ጨምሮ፣ በየትኛው ላይ እንደሚቀመጥ ሳይነግረው ቀርቷል። መስኮቱም ከትልቁ ቁጥር ጀርባ ተከፍቶ፣ የቀረውን ሁሉ ቆልፎ፣ ማንም በማያየው ቦታ መልስ ይጠብቃል። አፍንጫዬ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግቼ አነበብኩት።

"ይርዳው ወርዷል?" ይላል። ከሥሩ "አዎ" እና "አልወረደም"።

እትዬ ሐቢባ ሁለቴ አስነበቡኝ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባን። ይርዳው ሰሊጡን እንደጫነ ሲመዘን ጋቢናው ውስጥ ነው። ካራገፈ በኋላ ግን ባዶውን መኪና ሚዛን ላይ አቁሞ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ከሙሉው ባዶው ሲቀነስ የሚተርፈው ሁሉ ሰሊጥ ይባላል።

"ይህን ሁሉ ዓመት ይርዳውን በሰሊጥ ዋጋ ስገዛው ኖሬያለሁ በለኛ" አሉ።

"ያውም ሳይበጠር" አልኳቸው።

"ስሜን ከዚያ አውጣልኝ" አለ ይርዳው። "'ሹፌሩ ወርዷል' በልና ጻፍ። በዚህ አገር ሹፌር እኔ ብቻ ነኝ?"

"ሌላው ይወርዳላ" አሉ እትዬ ሐቢባ። ወደ እኔ ዞሩ። "እንዳትነካው። አንተ ይርዳው፣ ውረድ።"

ይርዳው ወረደ። መኪናው ተንፈስ አለ፤ ቁጥሩም ቀነሰ። ተሰልፈው የነበሩት ሹፌሮች አጨበጨቡለት። "አዎ"ን ተጫንኩ፤ መስኮቶቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ተዘጉ።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቼ ለመስኮቱ ከቁጥሩ በላይ እንዲቀመጥ ነገርኩት። አንድ መስመር ናት። ጨርሼ ስነሳ እትዬ ሐቢባ ስልክ ይዘዋል።

"አትምጣ" ይላሉ ለጎንደሩ ልጅ። "የሞተው ይበቃኛል።"

ቀብሩ ላይ እንቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ። እትዬ ሐቢባ ኪቦርዱን ከፊቴ ሳብ አድርገው፣ "ወደዚያ ዞረህ አልቅስ፣ ውሃ እንዳይገባው" አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ መጋዘኑ አዲስ ሚዛን አስተከለ፤ ከሚዛኑም ጋር ሌላ ፕሮግራም መጣ። ያኛው ስለ ሹፌር አይጠይቅም። ይርዳው ግን ሚዛኑ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል።