የጠቆረው መዳብ

ፋንታነሽ የቀረቻትን አንድ ስስ መዳብ የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ምድጃ ውስጥ ያስገባችው በማለዳ ነው። ሌላ መዳብ የላትም። ከአዲስ አበባ ያመጡላት የነበሩት አማካሪዋ ዶክተር ወልደ ሩፋኤል ለሕክምና ከደብረ ማርቆስ ወደዚያው ሄደው፣ መንገዱ በጦርነቱ ሲዘጋ እዚያው ቀሩ።

የማስተርስ ጥናቷ ምን እንደሆነ እናቷ ወይዘሮ ታየች አልገባቸው ብሎ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አስረድታቸው ነበር። መዳብ አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጠጋግተው የሠሩት ነው። በየቅንጣቱ ውስጥ አተሞቹ በረድፍ ተሰልፈዋል፤ የአንዱ ረድፍ ግን ከጎረቤቱ ረድፍ ጋር አይገጥምም። ቅንጣቶቹ ሙቀት ሲያገኙ ያድጋሉ፤ አንዳንዱም እያደገ ቀስ ብሎ ይዞርና ከጎረቤቱ ይገጥማል፤ ያኔ በመካከላቸው ያለው ድንበር ይጠፋል። ማረጋገጥ የምትፈልገው ይህንን ነው።

«ቀድሞስ ምን ለያያቸው?» አሉ እናቷ።

«ሲፈጠሩ ነው፣ እማዬ። ሁሉም በየፊናው ነው የጀመረው።»

ሥራው ቀኑን ሙሉ ያልተቋረጠ መብራት ይፈልጋል። ጀነሬተሩ ናፍጣ ካጣ ሰንብቷል። ያን ቀን መብራቱ እስከ እኩለ ቀን ሳይሄድ ቆየ፤ የላቦራቶሪው ሠራተኛ አበባውም ዛሬስ ሳይቀናሽ አይቀርም አላት። ከሰዓት በኋላ በከተማው ዳር ተኩስ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ድርግም አለ። አየሩን ከምድጃው የሚመጥጠው ፓምፕ ቆመ። ትኩስ መዳብ አየር ካገኘው እንደሚጠቁር ሁለቱም ያውቃሉ። አበባው መንገዱ ሳይብስ ወደ ቤት እንሂድ ቢላት አልሰማችውም፤ ምድጃው እስኪበርድ ፊቱ ተቀምጣ ጠበቀች።

መዳቧ ከሰል መስላ ወጣች። አንዲት ጥግ ብቻ ተርፋለች። መብራት ሲመለስ እሷን አለስልሳ፣ አሲድ አስነክታ በማይክሮስኮፕ አየቻት። በሁለት ቅንጣቶች መካከል ያለው ድንበር ሳስቶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ደጋግማ አየችው።

ኔትወርክ ባገኘች ቀን ለዶክተሩ ደወለች። ያየችውን ነግራቸው እስክትጨርስ ሰሟት።

«አንዲት ጥግ ማስረጃ አትሆንም፣ ልጄ» አሉ። «መዳቡን እልክልሽ ነበር። ግን በማን እጅ?»

እሷም አይጨነቁ፣ ብቻ ይዳኑልኝ ብላ ዘጋች።

የቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባ ሲደርስ አልተመዘገበችም። አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ እንድታስተምር ቀጠራት። ወላጆች ልጆቻቸውን መላክ ስለፈሩ፣ ብዙውን ቀን ባዶ ወንበር ፊት ትቆማለች።