የሰንበሌጥ ሜዳ ፈረስ ያዦች

እትዬ እታገኘሁ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠሯትን ፊደል ይዘው፣ ጣታቸውን በድንጋዩ ላይ እያስኬዱ፣ የአርባውን ጀግና ስም ሦስት ጊዜ አነበቡ። ደሳለው የሚል የለም። ከመካነ ሰላም በሚኒባስ ተንገጫግጨው የመጡት የአባታቸውን ስም በዓይናቸው ለማየት ነበር። ሐውልቱ የሚመረቀው እሑድ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው። በሰባ ስድስት ዓመታቸው ደማቸው ፈላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣሊያን ጊዜ የሰንበሌጥ ሜዳ ጦር ፈረስ ላይ ሆኖ አልተዋጋም፤ ሞኝ አይደለም። በፈረስ ገስግሶ ይደርስና ወርዶ፣ ድንጋይ ተከልሎ፣ በጠመንጃ ይዋጋል። ሲወርድ ታዲያ ከአምስት ሰው አንዱ አምስቱን ፈረስ ይዞ ከኋላ ይቀራል። በዚያ ቀን አርባ ሰው ሲተኩስ አሥር ሰው ፈረስ ይዞ ነበር። ጠላት በሦስት እጥፍ ተጠናክሮ ሲመለስ እኛዎቹ ከነነፍሳቸው ያመለጡት፣ ዞረውም ከጀርባው የመቱት በእነዚያ ፈረሶች ነው። ደሳለው ከአሥሩ አንዱ ነበሩ።

የሐውልቱ ኮሚቴ ግን ስሞቹን የሰበሰበው ከፉከራ ነው። ሽማግሎችን አስቀምጦ፣ ማን ማን እያለ ይፎክር እንደነበር ጠይቆ ጻፈ። በአገሩ ደግሞ ያልተኮሰ አይፎክርም። በየሠርጉ በየተዝካሩ ጓደኞቻቸው ዘራፍ ብለው ሲነሡ፣ ደሳለው አንገታቸውን ደፍተው ጠላቸውን እንደጠጡ ኖረው ሞቱ። እትዬ እታገኘሁ ይህን እያዩ ነው ያደጉት፤ አንጀታቸው ያረረው ያኔ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ፈንታሁን፣ ጎልማሳው የታሪክ አስተማሪ፣ ሐውልቱ አጠገብ ወንበር ያስደረድር ነበር።

«አንተ ፈንታሁን፣ የአባቴ ስም የታለ?»

«እትዬ፣ አንቱን ላስቀይም አልሻም። የተጻፈው የተዋጋ ነው። አባትዎ ፈረስ ነበር የያዙት።»

«የተዋጉትስ ከሜዳው በምን ተመለሱ? በሚኒባስ?»

ወንበር ደርዳሪዎቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም። «ኮሚቴው ወስኗል» አለ። «ድንጋዩም ተቀርጿል።»

«ድንጋዩ መቼ ሞላ? ግማሹ ባዶ ነው።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ወንበሮቹ ዞረ።

ቅዳሜ ልምምድ ነበር። እትዬ እታገኘሁ ዘመድ ቤት አድረው በጠዋት ሜዳው ላይ ተገኙ። በጥምቀት የሚጋልቡ አርባ ጎበዞች ከየቀበሌው ተጠርተዋል። ፕሮግራሙን ያወጣው መምህሩ ነው፦ እየጋለቡ ይመጣሉ፣ እንደ አያቶቻቸው ከፈረስ ወርደው ከሐውልቱ ፊት ይሰለፋሉ፣ ከዚያ ከደሴ የመጣው ርችት ይተኮሳል።

«ፈረሱን ማን ይይዛል?» አሉ እትዬ እታገኘሁ።

«የጥምቀት ፈረስ እኮ ነው፤ ሆታ የለመደ። ዝም ብሎ ይቆማል» አለ መምህሩ።

«ደግ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተከራክረው ልቡን ያወልቁት ነበር። አሁን ግን ጎበዞቹ ወርደው ሲሰለፉ፣ ቅርባቸው ወዳሉት አምስት ፈረሶች ሄዱ። አባታቸው በልጅነታቸው እንዳስተማሯቸው ራስ ለራስ ገጥመው አቆሟቸው፤ የአንዱን ዛብ፣ የመሳቢያ ጠፍሩን፣ በሌላው ልጓም እያሾለኩ ዙሪያውን አያያዙና ጫፉን ጨበጡ። እንዲህ የተያዘ ፈረስ ቢደነብር ይዞራል እንጂ መሮጥ አይችልም።

ርችቱ ጧ አለ። ከዚያማ ምን ይነገራል፤ ሠላሳ አምስት ፈረስ ብትንትኑ ወጣ። ወንበሩ ተገለባበጠ፣ የድምፅ ማጉያው ከነገመዱ ተጎተተ፣ የሰው ገብስ ተረገጠ። መምህር ፈንታሁን እግሬ አውጪኝ ብሎ ሐውልቱ ጀርባ ተሸጎጠ። የጀግኖቹ የልጅ ልጆች በባዶ ሜዳ ላይ ክው ብለው ቀሩ። አምስቱ ፈረሶች ግን መሬቱን እየደበደቡ አንዴ ዞሩ፣ ሁለቴ ዞሩ፤ እትዬ እታገኘሁም «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» እያሉ አብረው ዞሩ። ቆሙ።

«ምን ታፈጣላችሁ? ውጡ እንጂ» አሉ ጎበዞቹን።

አምስቱ ተፈናጥጠው ሄዱ። የተበተነውን ሁሉ ከየሸንተረሩ ሰብስበው ሲመለሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር።

መምህሩ አቧራውን ሳያራግፍ መጣ። ሰውየው ግትር ነው እንጂ ክፉ አይደለም። «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። «እነዚህ አምስቱ ባይኖሩ ሁሉም በኖ ቀርቶ ነበር።» ወዲያው ድንጋይ ጠራቢውን ፋሩቅን ጠርቶ የደሳለውን ስም እንዲጨምር ነገረው።

«አሥር ናቸው» አሉ እትዬ እታገኘሁ። «የአንዱን ብቻ ጻፉ አላልኩም። የአሥሩንም ስም አባቴ አስጠንተውኛል።»

ፋሩቅ መሮውን አነሣ። «ወላሂ፣ ነገ ሰው ሳይሰበሰብ አደርሳለሁ። ይንገሩኝ» አለ።

እሑድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። መምህሩ ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራ፤ ስም በተጠራ ቁጥር ከዘሩ አንድ ወንድ ተነሥቶ ይፎክራል። አርባው አለቀ። ከፈረስ ያዦቹ የመጀመሪያውን፣ «ደሳለው» ብሎ ሲጠራ የሚነሣ ወንድ ጠፋ። እትዬ እታገኘሁ ወንድም የላቸውም፣ ወንድ ልጅም አልወለዱም፤ ሴት ደግሞ በዚያ አገር ለፉከራ አትነሣም።

ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ።

«ዘራፍ፣ የደሳለው ልጅ! አምስት ዛብ በአንድ እጁ፣ ጥይት ሲያፏጭ ያልሸሸ! ሞላን ለእናቱ፣ ታደለን ለሚስቱ፣ ኪዳንን ለልጆቹ፣ አወቀን ለሙሽሪቱ የመለሰ!»

አወቀ የመምህር ፈንታሁን አያት ናቸው። ሰንበሌጥ ሜዳ የዘመቱት በተሞሸሩ በወሩ ነው፤ ገና አንድ ልጅ አልወለዱም ነበር። መምህሩ ይህን ሲሰማ የያዘውን ወረቀት አጠፈ። ሜዳውን አቋርጦ መጣና በሕዝብ ፊት ዝቅ ብሎ የእትዬ እታገኘሁን ጉልበት ሳመ፤ እልልታው ቀለጠ።

እትዬ እታገኘሁ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ክንዱን ይዘው ቀና አደረጉት።

«በል ሂድና ቀጥል» አሉት። «ዘጠኝ ሰው ይጠብቅሃል።»